ግድግዳውን የሚያዳምጠው አራሚ

የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ ምክርም ባልሠራላቸው ነበር። ልማዳቸው ግን በየማለዳው በር ላይ ቆመው ሠራተኛውን ሁሉ እየጨበጡ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ማስገባት ነበር። ዓይኑን የሰበረ ሰው ለእርሳቸው አንድ የሚደብቀው ነገር አለው። የሰው እጅ ሲነካው የሚሸማቀቀው አራሚም ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት የፊደል ስሕተት ሳያሳልፍ ሠርቶ እርሳቸው ዘንድ ፊት አላገኘም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአራሚውን የስንብት ደብዳቤ ፈርመው ኪሳቸው ከተቱና፣ ማኅተም ሊያስመቱበት ወደ ላይኛው ፎቅ ሊወጡ ሲሉ አሳንሰሩ በር ላይ ልትመረምረው የመጣችውን ወጣት መካኒክ አገኙ። ማተሚያዎቹ ለጽዳት ስለቆሙ ኮሪደሩ ጭር ብሏል። በጥጉ በኩል አራሚው ፊቱን ወደ አሳንሰሩ ግድግዳ አዙሮ፣ መዳፉን ለጥፎ ቆሟል። የሚተነፍስም አይመስል።

“ያውልሽ ልጄ፤” አሉ ኃላፊው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እንዲህ ከሆነ ሦስት ቀኑ። ‘ገመዱ ድምፁን ቀይሯል’ ይላል። መንፈስ ያነጋግረዋል እየተባለ ሰው በዚህ ማለፍ ትቷል። ዛሬ አሰናብተዋለሁ።”

“ሥራው ላይ ምን አጠፋ ጋሼ?”

“ሥራውማ ምን ይወጣለታል! ግን ሰላምታ አያውቅ፣ ቀልድ አይገባው።”

“የእኔም ወንድም እንደዚሁ ነው። ኦቲዝም ይባላል፤ አብሮት የተወለደ ነገር ነው፣ መንፈስም እርግማንም አይደለም። ዓይን ለዓይን መተያየት እርስዎን ያረጋጋዎታል፣ እርሱን ያስጨንቀዋል። ለመሆኑ የገመዱን ነገር ሲነግርዎት ምን አሉት?”

“ምን እላለሁ? ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።”

በዚህ መሀል ማንም ሳይጠራው አሳንሰሩ መጣ። በሩ ተከፈተ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ኃላፊው ፈርተዋል እንዳይባሉ ሊገቡ እግራቸውን አነሡ።

“አይግቡ፤” አለ አራሚው ፊቱን ሳያዞር። ድምፁ ከግድግዳው ውስጥ የወጣ መሰላቸው። “አራት ነበሩ። አሁን ሁለት ናቸው።”

ኃላፊው ያነሡትን እግር መለሱ። መካኒኳ ኤሌክትሪኩን አጥፍታ በደረጃው ወደ ላይ ወጣች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

“ከአራቱ የብረት ገመዶች ሁለቱ ተበጥሰዋል። የቀሩትም እየሳሱ ነው።”

ኃላፊው ደብዳቤውን አውጥተው ቀደዱት። “ነፍሴን አትርፏታል! ከእንግዲህ ማንም አይነካውም።”

“ባያተርፍዎትስ ኖሮ?”

ኃላፊው የደብዳቤውን ቁርጥራጮች ሊለቅሙ ጎንበስ አሉ።

“ወንድሜ ከግድግዳ የሚሰማው ነገር የለም ጋሼ። ጎበዝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፣ በቃ። አለቃው ‘ሰውን ያስፈራል’ ብሎ አሰናበተው፤ ይኸው ሁለት ዓመት ከቤት አልወጣም። እንጀራውን ላለማጣት ስንት ሰው ማዳን ነበረበት?”

ይህች ጥያቄ ከተበጠሱት ገመዶች ይልቅ አስደነገጠቻቸው። አፈሩ፤ ማፈራቸውም ይገባ ነበር።

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“እርሱን ራሱን ይጠይቁት። ከቻሉም በጽሑፍ፤ ወንድሜ እንደዚያ ይቀለው ነበር። እጁንም ይተዉለት።”

ጠየቁት። ጸጥ ያለ ክፍልና የተጻፈ ትእዛዝ ብቻ ነበር የፈለገው። ኃላፊው መስማት ሲጀምሩ ሌላውም ሠራተኛ የማሽኑን ብልሽት ሳይፈራ መናገር ጀመረ፤ ሥራውም ተቃና። በዓመቱ የማተሚያ ቤቱ መዝገብ ቤት ሰው ሲፈልግ የመካኒኳ ወንድም ተፈትኖ ገባ።

ኃላፊው ዛሬም ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆማሉ። አራሚው ሲመጣ ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። እርሱም መሬት መሬቱን እያየ “ዛሬ ድምፁ ደህና ነው” ብሏቸው ያልፋል። ድሮም በየጠዋቱ ይህንኑ ይላቸው ነበር፤ ሰላምታ መሆኑን ለማወቅ ሰባት ዓመት ፈጀባቸው።