«ከምርቃና በፊት ነው በኋላ?»

በእኛ ጊዜ፣ ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ከግቢው አይወጣም ነበር። የዛሬውን ግን እኔን ጠይቁኝ! የእኔዋ ጥያቄ ከጭሮ ተነስታ ገለምሶ ስትገባ እኔ ገና ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም፣ ወላሂ!

ልጄን ሃያትን ለሂርናው ጀማል፣ ለሚኒባስ ሹፌሩ፣ ሊጠይቁ ሽማግሌ መጡ። እንደ ወጉ ጫት ይዘው፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ። ታዲያ ቃምን፣ ቃምን፣ እና የልጁን አጎት ሞቅ አለው። «ቤት ይሠራላታል» አለ። እሺ አልኩ። ትንሽ ቆየና «ቤቱ ፎቅ ነው» አለ። እሺ። ትንሽ ቆየና «ከፎቁ ሥር ሱቅ፣ ከሱቁ ጎን ፋርማሲ…» ምን ልበላችሁ፣ እጁን እያወናጨፈ ሂርናን እንዳለች እንደ አዲስ ሠራት! እኔም ቀስ ብዬ፣ «ሐጂ፣ ይሄን ያሰባችሁት ከምርቃና በፊት ነው በኋላ?» አልኩት።

ለካ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በስልኩ ይቀርጽ ኖሯል። በማግስቱ አገር ሰማው።

እኔኮ የሚገርመኝ፣ ጥያቄ እግር አለው እንዴ? ገበያ ላይ ነጋዴው «ቡናው የገለምሶ ነው» ሲል፣ «ከምርቃና በፊት ነው በኋላ?» ይሉታል። አንዱ ሹም ሕዝብ ሰብስቦ «ዘንድሮ ውሃ ይገባላችኋል» ቢል፣ አንዲት አሮጊት ከኋላ ብድግ ብላ፣ «ልጄ፣ ከምርቃና በፊት ነው በኋላ?» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ! ሹሙ ራሱ አፉን በወረቀት ሸፍኖ ሳቀ። ውሃው አልመጣም፣ እሱ ሌላ ነው።

ታዲያ አገር ሲስቅ የእኔ ቤት ለቅሶ ቤት መሰለ። ሽማግሌዎቹ «ተዋረድን» ብለው ቀሩ። ጀማልንም ተሳፋሪው መግቢያ መውጫ አሳጣው። «ከስድስት ሰዓት በፊት ሂርና እንገባለን» ሲል ያቺኑ ጥያቄ! ሚስቴ ደግሞ፣ «ለአንድ ቀልድ ብለህ ልጄን አስቀረሃት» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ፈራሁ። ሃያት ግን ጓዳ ገብታ ሥራዋን ትሠራለች።

ሁለት ወር አለፈ እና አንድ ማለዳ በር ተንኳኳ። ጀማል፣ ብቻውን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ቁርስ አልበላሁም፣ ጫትም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልነካሁም። ፎቅ የለኝም። ሱቅ የለኝም። ሚኒባሷም የሰው ናት። ሃያትን ይስጡኝ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ወደ ጓዳ ዞሬ፣ «ሃያት! አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኩ። አያችሁ፣ እሷን እስከዚያች ቀን አልጠየቅኳትም!

እጇን በሻሿ እያደረቀች ብቅ አለች።

«አባ፣ እሱ እኮ ዓምና ጠይቆኛል፣ እኔም ዓምና መልሼለታለሁ። ስትጠያየቁ የከረማችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሃሃሃ! አይ እኔ! ጥያቄዬ ገለምሶ ድረስ ስትሮጥ፣ መልሱ ዓመት ሙሉ እኔው ጓዳ ተቀምጦ ነበር።