አባላት በሙሉ ተገኝተዋል

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ ደግሞም ዋና አዘጋጃችን ሚስተር ሎክየር፤

ይህን የስንብት ግብዣ ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሳንድዊቹን የቆረጠውን፣ ወንበሩን የደረደረውን፣ ያንን ጠማማ ወረቀት ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ጭምር በስም በስም ልጠራ አስቤ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኖርኩት በዚሁ አይደል? ኬኩን ማን ጋገረው፣ አበባውን ማን አመጣው፣ ሻዩን ማን ቀዳው እያልኩ? ነገር ግን ተተኪዬ ታምሲን ዝርዝሩን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ግዌንዳ፣ የዛሬውን ዜና የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ብዪ" አለችኝ። እሺ። ግን የሚስስ ሁድን ስም እንዳትረሺ። ብትረሺ ምን እንደሚመጣብሽ አሁን እነግርሻለሁ።

የጋዜጣችን የመንደሮች ገጽ የተሰጠኝ ችሎታዬ ታይቶ አይደለም። የሚወስደው ሰው ስለጠፋ ነው። ሬጅ ከስፖርት ክፍል፣ ያኔ ፀጉር ነበረው፣ በጠረጴዛዬ አጠገብ ባለፈ ቁጥር "ዛሬስ ምን ተገኘ? ዱባ አደገ?" ይለኝ ነበር። አዎ ሬጅ፣ አድጓል። ያንተ ቡድን አምስት ለባዶ በተሸነፈበት ሳምንት የኔ ዱባ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ መዘነ። የትኛው ነው ዜና?

አሥራ አንድ መንደሮች ነበሩኝ። ዜናው የሚመጣልኝ በፖስታ ካርድ፣ በአትክልት ዘር ከረጢት ጀርባ፣ አንድ ጊዜማ በእንቁላል ማሸጊያ ክዳን ላይ ተጽፎ ነው። የሴቶች ማኅበር፣ የአትክልተኞች ክበብ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋዮች፣ ለአዳራሹ ጣሪያ መጠገኛ የተቋቋመው ኮሚቴ፣ የጣሪያው ኮሚቴ ለምን ዘገየ ብሎ የሚጠይቀው ሌላው ኮሚቴ። ሁሉንም አነበብኩ፤ እያንዳንዱን ስም ከነፊደሉ አጣራሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳትኩ። በመንደር ውድድር ያሸነፈውን የሚስስ ሁድን የፕሪም ማርማላታ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ አወረድኩት። ጋዜጣው በወጣ በማግስቱ ሚስስ ሁድ እዚህ ቢሮ ገቡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ማርማላታውን ከነማንኪያው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ቅመሺ።"

ቀመስኩ።

"ይሄ ሁለተኛ ነው?"

አልነበረም። እርማቱን በሚቀጥለው ሳምንት አወጣሁ፣ ማርማላታውን ግን አልመለስኩም። ሚስስ ሁድ፣ አይሳቁ፤ ጠርሙሱ አሁንም እኔ ቤት ነው፣ እስክሪብቶ አስቀምጥበታለሁ።

እንግዲህ ስለ አንድ ክበብ ላውራችሁ። አብዛኞቻችሁ ጫፍ ጫፉን ሰምታችኋል፤ ሙሉውን ሰምታችሁት አታውቁም።

ከክሮክሌይ መንደር በየወሩ ያለማቋረጥ የምትመጣ አንዲት ዜና ነበረች። ጽሕፈቷ የተስተካከለ፣ ቃሏ የተመጠነ። እንዲህ ትላለች፦ "የክሮክሌይ የእግረኞች ክበብ ወርኃዊ ጉዞውን ቅዳሜ ዕለት እስከ ፔንሎ አካሂዷል። አባላት በሙሉ ተገኝተዋል። በወንዙ ዳር ያለው የአጥር መሻገሪያ ይጠገን ዘንድ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሚስተር ኦስዊን ፕላት ያለ ተቃዋሚ በድጋሚ ሊቀመንበር ሆነው ተመርጠዋል። ሻይ ላቀረቡት ለሚስተር ፕላት ክበቡ ምስጋናውን አቅርቧል።"

እንዴት ያለ ክበብ ነው እል ነበር። ሌሎቹ ይጣላሉ፣ ይገነጠላሉ፣ በኬክ ይኳረፋሉ፤ ይሄ ግን ጥል የለበትም!

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ክበቡ ኀምሳኛ ዓመቱን ሲይዝ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ክሮክሌይ ሄድኩ። አባላቱን በረድፍ አሰልፌ ፎቶ ላነሣ ነው። ሚስተር ፕላት ከበራቸው ላይ ቆመዋል። ቡት ጫማ፣ ዱላ፣ የሻይ ቴርሞስ። ሌላ ሰው የለም።

"ሌሎቹስ?" አልኳቸው።

"ሞተዋል። ሁለቱ ደግሞ ልጆቻቸው ጋ ገብተዋል።"

"ታዲያ እንዴት 'አባላት በሙሉ ተገኝተዋል' ብለው ይጽፋሉ?"

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "እኔ አልተገኘሁም እንዴ?"

"ለምን እውነቱን አይጽፉትም?" አልኩ።

"'አንድ ሽማግሌ በእግሩ ሄዶ ተመለሰ' ብዬ ብልክልሽ ታትሚዋለሽ?"

"አላትምም።"

"በይ እንግዲህ። ፎቶውን ቶሎ አንሺኝ፣ አባላቱ ይበርዳቸዋል።"

ከዚያ ቀን በኋላ ዘጠኝ ዓመት አተምኩላቸው። እያንዳንዱን ቃል መረመርኩ፤ ሐሰት የሆነ አንድም አልነበረም። ዛሬ ግን ከሥራ የምለቅበት ቀን ነውና ልናዘዝ። ቃሉ እውነት ቢሆንም፣ አንባቢዬ በዓይነ ኅሊናው ሃያ ሰው በሜዳው ሲጓዝ ያይ እንደነበር አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተም ሬጅ፣ አንተ ጋ ምስጢር አያድርም።

ከዚያ በክሮክሌይና በፔንሎ መካከል ያለው እርሻ ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት የእግር መንገዱ በማሳው መሐል ስለሚያልፍ ሊዘጋው ፈለገ። ሕጉ የሚያዘጋው ሰው የማይረግጠውን መንገድ ስለሆነ፣ ለአውራጃው ባለሥልጣናት "ማንም አይሄድበትም" ብሎ አመለከተ። ልብ በሉ፣ ብዙም አልተሳሳተም። በክሮክሌይ ሰዉ ሁሉ ማለት ይቻላል መኪና ነበረው። ቢሆንም የኛ ጋዜጣ በየወሩ አንድ ክበብ ይሄድበታል እያለ ሲጽፍ ኖሯል። ሰውየው አጣራና ለሚስተር ሎክየር ደብዳቤ ላከ፦ "ጋዜጣችሁ ስለሌለ ክበብ ይጽፋል።"

ሚስተር ሎክየር ጠሩኝ። በሩን ዘጉት። ሚስተር ሎክየር በራቸውን ሲዘጉ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

"ይህ የእግረኞች ክበብ ስንት አባል አለው?"

"አንድ።"

"አንድ መቶ?"

"አንድ።"

"አንድ ሰው በሙሉ ድምፅ ይወስናል?" አሉኝ።

"ከራሱ ጋር ካልተጣላ፣ አዎ።"

አልሳቁም። "ግዌንዳ፣ የዘጠኙን ዓመት ጥራዝ አምጪልኝ። አንድ ውሸት ካገኘሁ ገጹ አበቃለት። አንቺም አብረሽው ትሄጃለሽ።"

መቶ ስምንት ዜና ነው። ሁለት ቀን ቀይ እርሳስ ይዘው ተዘጉበት። እኔ በነዚያ ሁለት ቀናት ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ፈርቼ ነበር። መባረሬን ፈርቼ ሳይሆን፣ ያቺ አንዲት ገጽ፣ የአሥራ አንድ መንደር ሰው ስሙን የሚያይባት ብቸኛ ቦታ፣ በኔ ዝምታ ልትዘጋ ነው ብዬ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወጡ። ጥራዙን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉት።

"አንድ ስሕተት አግኝቻለሁ።"

ቆሌዬ ተገፈፈ።

"ከሦስት ዓመት በፊት መጋቢት ላይ 'ጥቂት ካፊያ ነበር' ይላል። ያን ቅዳሜ እኔ ራሴ እስከ ካልሲዬ በስብሻለሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቁጥሩን ግን ትጽፊያለሽ፤ በዚህ ሳምንት፣ በጉልህ ፊደል" አሉኝ።

ጻፍኩ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "እርማት። የክሮክሌይ የእግረኞች ክበብ አባላት ብዛት አንድ መሆኑን እስከ ዛሬ ባለመግለጻችን አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። ክበቡ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያደረጋቸው መቶ ስምንት ጉዞዎች ግን አንድም ሳይጎድል ተደርገዋል።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሚስተር ፕላት በር ላይ አርባ ሦስት ሰው ቆሞ ተገኘ። ግማሹ በከተማ ጫማ። ሚስስ ሁድ ማርማላታ ይዘው መጥተዋል፤ ስንተኛ የወጣው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሚስተር ፕላት ደስ ያላቸው መሰላችሁ? "መንጋውን ያመጣብኝ ማነው?" ብለው ነበር። በዚያ ወር የላኩት ዜና "በጉዞው አርባ ሦስት እንግዶች ታይተዋል። ከአባላት የቀረ የለም" ይላል።

ክርክሩ የተሰማው በመንደሩ አዳራሽ ነው። የእርሻው ባለቤት ጠበቃ የኛን እርማት አንሥቶ "ክበብ የተባለው እንግዲህ አንድ ሰው ነው!" እያለ ደጋገመ። የአውራጃው ሹም ግን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ "ሚስተር ፕላት፣ በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት መንገዱ ሳይረገጥ ያለፈ ወር አለ?"

ሽማግሌው ተነሡ። "የለም እመቤቴ። ሁልጊዜ በሙሉ ተገኝተናል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሹሟ ግን አልሳቁም፤ ያንን ጥራዝ እያገላበጡ ነበር፤ ወር በወር፣ ከነዝናቡ፣ ከነመሻገሪያው። መንገዱ ክፍት ሆኖ ቀረ። በዓመቱ ወደ ክሮክሌይ የሚሄደው አውቶቡስ ተቋረጠ። አሁን መኪና መንዳት የማይችል ሁሉ ፔንሎ ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚሄደው በዚያ መንገድ ነው። ሚስስ ሁድም በዚያ ነው የሚሄዱት። ሰው የመንደር ወሬ የሚያትም ጋዜጣ ምን ይፈይዳል ብሎ ሲጠይቀኝ አፌን ሞልቼ የምመልሰው ይህንን ነው።

ሚስተር ሎክየር፣ አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። እኔ ስወጣ ገጹ በግማሽ ይቀነሳል የሚል ወሬ በኮሪደሩ ይናፈሳል። ወሬ ማጣራት ሥራዬ ነበርና ዛሬም ላጣራ። ከዚህ የስጦታ ሰዓት ጋር አልጣላም፣ ቆንጆ ሰዓት ነው። ግን ሊሰጡኝ የሚፈልጉት ስጦታ ካለ፣ ገጹን ከነሙሉ ስፋቱ ለታምሲን ይስጡልኝ። ዱባው ይመዘን። የሰዎቹ ስም ይውጣ። ይሆናል?

በእሺታ ነቀነቁ! ሁላችሁም አይታችኋል? ታምሲን፣ ጻፊው፦ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ልጨርስ ነው። በመስኮቱ በኩል ዱላቸውን ይዘው የተቀመጡትን ሰው ታዩአቸዋላችሁ። በመኪና ስላመጣናቸው እንዳኮረፉ ናቸው። ሚስተር ፕላት ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ባለፈው ወር ሐኪሙ "ጉልበትዎ አይታመንም፤ ከዚህ በኋላ ብቻዎን እንዳይሄዱ" አላቸው። ደወሉልኝ። እንዲህ አይነት ድምፅ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም።

"ግዌንዳ፣ ክበቡ ሊፈርስ ነው።"

"ሥራ የምለቀው መቼ እንደሆነ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"የአባልነት ማመልከቻ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው" አሉኝ። በጽሑፍ አቀረብኩ። ሁለት ሳምንት አስጠበቁኝ።

ይህ የመጨረሻ ዜናዬ ነው። ታምሲን፣ ለሰኞ ነው፣ ፊደል እንዳትሳሳቺ። "የክሮክሌይ የእግረኞች ክበብ ወርኃዊ ጉዞውን ቅዳሜ ዕለት እስከ ፔንሎ አካሂዷል። አባላት በሙሉ ተገኝተዋል፤ ቁጥራቸውም ሁለት ነው። ለሊቀመንበርነት ሁለት እጩዎች ቀርበው አንድ ለአንድ በሆነ ድምፅ ስለተለያዩ ምርጫው ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።"

ወዳጆቼ፣ የምትጽፉት ሁሉ እውነት ይሁን፤ የምትሳሳቱት ጥቂት፣ እርማታችሁም ደፋር ይሁን። ቤታችሁ ሰላም፣ ጉልበታችሁ ጽኑ ይሁን። ስማችሁን በትክክል የሚጽፍላችሁ ሰው አትጡ። ከፊታችሁ ያለው መንገድ አይዘጋ፤ ብቻችሁን የምትሄዱበት ቀን ቢመጣም አንድ ሰው ማመልከቻውን ይዞ ከበራችሁ ይቁም።

የዛሬውን ግብዣ ደግሞ ታምሲን፣ አንቺ ነሽ የምትጽፊው። ግን ከዚህ ሆኜ አንድ በአንድ አየኋችሁ። ማንም አልቀረም። አባላት በሙሉ ተገኝተዋል።

አመሰግናለሁ።