ማኅደር ውስጥ ያለው ኮምፒውተር

ከይፋግ ወደ ወረታ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የኔታ የቆዳ ማኅደር ታቅፈው አጠገባቸው ካለች ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋር ያወራሉ።

«የልጄ ኮምፒውተር ነው። ደህና መሆኑን ልይ ብዬ ባበራው፣ ሦስት ጊዜ ጮኸና ጨለመ።»

«ሜሞሪው ይሆናል፣ የኔታ። የት ነበር ያስቀመጡት?»

«እንደ መጻሕፍቱ በማኅደር አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ አይጥ እንዳይበላው።»

«ክረምቱን ሁሉ?»

«ሁለት ክረምት።»

«ታዲያ እርጥበት ገብቶበታል። ሜሞሪውን አውጥቼ ጫፉን በላጲስ አጸዳና መልሼ እሰካዋለሁ። እምቢ ካለ ይቀየራል።»

«ውስጡ ያለው የልጄ ነገር አብሮ ይጠፋል?»

«አይጠፋም፤ እሱ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጥ። ሲነሳ ከፍቼ አሳይዎታለሁ።»

«አይ፣ መነሳቱን ብቻ አይተሽ አጥፊው።»

«እንዴ! ሳያዩት?»

«‹ተመልሼ እወስደዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካብኝ› ብሎኝ ነው የሄደ። ሲመጣ ተበላሽቶ እንዳያገኘው ብዬ ነው።»

«መቼ ይመጣል?»

«አንቺ ብቻ አስነሺው፣ ልጄ።»

ወረታ ስንደርስ እንዲወርዱ ብዬ ማኅደሩን ተቀበልኳቸው፤ ከወረዱ በኋላም «ማኅደሩን» ብለው ሁለት ጊዜ እስኪጠይቁኝ ድረስ ታቅፌው ቆየሁ።