ሰባት ቤት በቪዲዮ ተቆጠረ

ይኸውላችሁ፣ ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ወንድሜ ይበልጣል ጀርመን ከገባ ወዲህ እናቴ በቪዲዮ ባየችው ቁጥር «አደራ፣ የአገርህን ልጅ!» ትለዋለች። ለማርያምም ተስላለች። ባለፈው እሁድ ደወለና አጠገቡ የተቀመጠች ቆንጅዬ ልጅ አሳየን። «ትርንጎ ትባላለች፤ ዘመዶቿ ሊበን ናቸው» ሲል እናቴ ቡሬ ድረስ የሚሰማ እልልታ ለቀቀችው።

ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባዬ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «እስቲ ልጄ፣ ወደ ላይ ቁጠሪልኝ፤ እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም» አሏት። እሷም ፈገግ ብላ «አባቴ አያሌው፣ አያቴ ጓንጉል፣ የጓንጉል አባት ተሰማ፣ የተሰማ አባት ደግሞ ከቡሬ ሄደው ሊበን የገቡት ቢያዝን ናቸው» አለች። የአባዬ ዓይን ስልኩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«አባዬ? ኔትወርኩ ቆመ እንዴ?» አለ ወንድሜ።

«ኔትወርኩስ ደህና ነው» አሉ አባዬ። «ቢያዝን የአያቴ አባት ናቸው። ሰባት ቤት መች ሞላና! አራተኛው ላይ ገጠማችሁ። ልጄ፣ እህትህ ናት።»

ትርንጎ አፏን በመዳፏ ያዘች። ስልኩን ልዝጋው የሚል ሰው ጠፋ። እናቴ ብቻ ፊቷን ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አዙራ «እመቤቴ፣ የአገሩን ልጅ ስጪው አልኩሽ እንጂ፣ የቤቱን መች አልኩሽ?» አለች።