ባትሪ የሌለው ሣጥን

ሽማግሌው ሊፔንጋ ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደ መንደሩ አለቃ ቤት ሲሄዱ፣ የበቆሎው ማሳ ጥግ ላይ የእህታቸውን የልጅ ልጅ ቲያሚኬን አገኟት። ቲያሚኬ ሊሎንግዌ ከተማ የኤሌክትሪክ ሙያ ተማሪ ናት፤ ለእረፍት መምጣቷ ነበር።

«አባባ፣ ምነው ፊትዎ እንዲህ ጠቆረ? አመመዎት እንዴ?»

«አላመመኝም ልጄ። ላይሶን መቀመጫ አሳጣኝ።»

ልጅቷ ደነገጠች። ላይሶን የሽማግሌው ጎረቤትና የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነበር፤ ከተቀበረ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው።

«ግድግዳዬ ላይ ካለው ሣጥን ውስጥ ሆኖ ያወራል» አሉ ሊፔንጋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፀሐይ ዘወር ስትል ይጀምራል። ያለቅሳል፣ ይስላል፣ ትናንትና ደግሞ ስሜን ጠራ። ሚስቱ ፋይኔሲ በመተት ነፍሱን ብታስር ነው እንጂ የተቀበረ ሰው ምን ያስለፈልፈዋል? አሁን ለአለቃው እነግራለሁ፤ ነገ ከመንደር ትወጣለች።»

ሊፔንጋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈርተው ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚወረውረው ድንጋይ ሲፈልግ ቅርቡ ያለውን ያነሣል። መተተኛ ተብላ የተባረረች አሮጊት የት እንደምትወድቅ የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ሄዶ የሚጠይቅ ግን የለም።

«ከመናገርዎ በፊት እኔም ልስማው» አለች ቲያሚኬ። ሽማግሌው ብቻቸውን ወደዚያ ቤት መመለስ አስጠልቷቸው ስለነበር እሺ አሉ።

ሣጥኑ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። በር ዘግተው ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም፣ ከጉድጓድ ሥር የሚወጣ ይመስላል። ሳለ። ከዚያ ረዘም አድርጎ ተነፈሰ። የቲያሚኬ ክንድ ጠጉር ቆመ።

«አየሽ?» አሉ ሊፔንጋ በሹክሹክታ። «ትምህርትሽ ይኼን ምን ይለዋል?»

«ትምህርቴም ለጊዜው ደንግጧል» አለችና ሣጥኑን አውርዳ ከፈተችው። ውስጡ የወረቀት ጉልላት፣ ከወረቀቱ ጀርባ የተለጠፈ የቀጭን ሽቦ ጥቅል፣ ሽቦውን የከበበ ጥቁር ማግኔት አለ። የሽማግሌው ቢላዋ ሲጠጋው ልጥፍ ብሎ ተጣበቀ። «ሽቦው የት ይሄዳል?»

«ላይሶን ነው የዘረጋው። ሬዲዮው እሱ ቤት፣ አንድ የድምፅ ማጉያ ሣጥን እሱ መኝታ ቤት፣ አንድ እዚህ፤ ኳስ አብረን እንድንሰማ ብሎ። ሲሞት ግን ሐዘን እስኪወጣ ዘፈን አይሰማምና ሬዲዮውንም ባትሪውንም እኔው ራሴ አነሣሁ። የሽቦዎቹ ጫፍ እንዳይዝረከረክ የሱን ከኔ ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጌ ቋጠርኩት። ታዲያ ያለ ባትሪ የሚናገር ሙት ካልሆነ ማነው?»

«የብስክሌትዎ መብራት ባትሪ አለው?»

«የለውም። ዲናሞ ነዋ።»

«ዲናሞው ውስጥ ምን አለ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ጎማው ሲያዞረው ይበራል፤ ሌላ አላውቅም።»

«ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ነው ያለው። ጎማው ማግኔቱን በሽቦው አጠገብ ሲያዞረው ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። እዚህ ደግሞ በጎማ ፈንታ የሰው ድምፅ ነው። አንድ ሰው እዚያኛው ሣጥን አጠገብ ሲያወራ ድምፁ ወረቀቱን ያርገበግበዋል፤ ሽቦው ማግኔቱ ውስጥ ሲወዛወዝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይወልዳል። እርስዎ በቋጠሩት በኩል እዚህ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኤሌክትሪኩ ይኼን ጥቅል ራሱን ማግኔት ያደርገዋል፣ ጥቁሩ ማግኔት ደግሞ አንዴ ይስበዋል አንዴ ይገፋዋል፣ ወረቀቱም ያንኑ ድምፅ መልሶ ይናገራል።»

ሊፔንጋ ሽቦው በግድግዳው በኩል ወደ ላይሶን ቤት የሚወጣበትን ተመለከቱ። ልባቸው ግማሹ አምኗል፤ ያመነው ግማሽ ደግሞ ከፍርሃቱ የባሰ አስጨነቃቸው። እዚያ ቤት የቀረው ሰው አንድ ብቻ ነውና።

ሣጥኑ እንደገና ተነፈሰ። አሁን ጆሯቸውን አስጠግተው ቃሉን ለዩት።

«ሊፔንጋ እንኳ፣ ላይሶን፣ ሊፔንጋ እንኳ ደጄን አልፎ ሄደ። የበላሁትን የሚጠይቀኝ የለም።»

ሽማግሌው ሣጥኑን ወደ አፋቸው አመጡት። «ፋይኔሲ» አሉ።

ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ ተስፋ ባለው ቃና፣ «ላይሶን? መጣህ?» አለ።

ቲያሚኬ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሊፔንጋ እንደገና ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉ።

«አይደለም፣ ፋይኔሲ። ሊፔንጋ ነኝ። ስታለቅሺ ስሰማሽ ነው የከረምኩት። አንቺ መሆንሽን ግን አላወቅሁም። ይቅር በይኝ፣ እየመጣሁ ነው።»

ወደ አለቃው ቤት ሳይሆን ወደ እሷ ቤት ሄዱ፤ ቲያሚኬ ንሲማ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎና ዓሣ ይዛ ተከተለቻቸው። በማግስቱ ሽማግሌው ሣጥኑን ለመንደሩ ሸንጎ ከፍተው አሳዩ፣ በገዛ አፋቸውም ጥፋታቸውን ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር አንድን ሰው በመተት የሚከስ ሁሉ፣ አስፈራኝ ያለውን ነገር በሸንጎ ፊት እንዲያስመረምር ተደነገገ። ሦስት አሮጊቶችም በዚህ ደንብ ምክንያት ከቤታቸው ሳይፈናቀሉ ቀሩ። የማወቅ ጥቅሙ ይኼ ነው፦ ፍርሃት ጎረቤትን ከማጥፋቱ በፊት ያቆመዋል።

ፋይኔሲ ለሊፔንጋ ይቅርታ አደረገችላቸው፤ ቶሎ ግን አልነበረም። ቲያሚኬ አንድ ቀን፣ «ሣጥኑ ስምሽን ሲጠራ አልፈራሽም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ለምን እፈራለሁ?» አለች አሮጊቷ። «እሱ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»