ድጓ የመሰለው ደብተር

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የነበረች አንዲት ሴት አጠገቧ ለተቀመጡት ቄስ ታወራ ነበር።

«ኪነት ቡድን እያለሁ የሠራነው ቴአትር ሙሉው በዘፈን ነበር፣ አባ። ዛሬም ሰው የሚያነሣው ተዋናዮቹን ነው። ዜማውን የደረሱትን መሪጌታ የሚጠራ የለም።»

«ዜማው አልተጻፈም?»

«ግጥሙን በደብተር ጽፈው በየስንኙ ላይ የድጓ የዜማ ምልክት አድርገውበት ነበር። ሲሞቱ ልጆቻቸው ድጓ መስሏቸው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት።»

«ጀርባው በቀይ ጨርቅ የተሰፋ ደብተር?»

«አዎ።»

«የተቀበልሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አለ?»

«በምልክቱ ሳዜመው እንዲያ ያለ ዜማ ሰምቼ አላውቅም። ግጥሙን ሳነበው ግን የፍቅር ነው። ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አይቀመጥም ብዬ አቃጠልሁት።»

«ለእኛ ቢሰጡን ምን ነበር፣ አባ?»

«የሚፈልገው ሰው ያለ አልመሰለኝም፣ ልጄ።»

«ዜማውን ያስታውሱታል?»

«እሱማ መች ለቀቀኝ።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ያለ ቃል፣ በቀስታ ማዜም ጀመሩ።

እኔ የምወርደው ከደባርቅ በፊት፣ ወቅን ላይ ነበር፤ ደባርቅ እስክንገባ ድረስ ግን «ወራጅ አለ» አላልኩም።