«ከዳር ነሽ ወይ» ውስጥ ያለችው ዝምታ

በእኛ ጊዜ ይሄ ለቅዳሜ ሰርግሽ የመረጥሽው ዘፈን፣ ዘፈን አልነበረም። ዝጊው ያንን ስልክ ትርሲት፣ ልንገርሽ። እናንተም ልጆች ቁጭ በሉ። ብዙ እንደማላወራ ታውቃላችሁ፣ አንዴ ስሙኝ።

ያኔ ከወሎ መጥተን ባሮ ወንዝ ዳር በቆሎ እንዘራ ነበር፣ አባቴም አብሮን ነበር፣ እናታችሁን ካገባሁ ገና ወር አልሞላኝም። ታዲያ የወንዙ ዳር ሣር ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡ አንዷ ሌላዋን አታያትም፣ አዞውም ይህን ያውቃል። እና የአኙዋክ ሴቶች ዘዴ ነበራቸው፣ እየዘፈኑ ያጥባሉ። አንዷ ስም ትጠራና «ከዳር ነሽ ወይ?» ትላለች፣ የተጠራችው «ከዳር ነኝ» ትላለች፣ ደግሞ ሌላዋን ትጠራለች። በቋንቋቸው ነበር የሚሉት፣ የእኛ ሴቶች ሲቀላቀሉ በአማርኛ አደረጉት። መልስ ከጠፋ ሁሉም ከውኃ ይወጣሉ፣ ወንዶች ጦር ይዘው ይሮጣሉ። ዘፈኑ ይኸው ነው። ፍቅር የለበትም፣ ገባችሁ?

ዘፈኑን የምታወጣው ጎረቤታችን አሪየት ነበረች፣ ድምጿ ወንዙን ይሻገራል። እኔ በቆሎዬን ስኮተኩት የየሺ ተራ እስኪደርስ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ፣ እናታችሁ ስትመልስ መልሼ ጎንበስ እላለሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ሥራዬ እንዲያ ነበር፣ እየሰሙ መኮትኮት።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ያን ሰሞን አዞው ውኃ ሊጠጣ የወረደ ፍየል ወስዶ ነበር፣ አሪየት «የሺ፣ ከዳር ነሽ ወይ?» አለች። ዝም። ደገመች። ዝም። እንዴት ያለ ዝምታ መሰላችሁ፣ ወፉም አብሮ ዝም ያለ መሰለኝ። መኮትኮቻዬን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ሴቶቹ ወጥተው ቆመዋል፣ የየሺ ሳፋ ብቻውን ውኃው ላይ ይዞራል።

አሪየት ክንዴን ያዘችኝ።

«አትግባ ወንድሜ። ውኃ ዛሬ ጥሩ አይደለም።»

«የሺስ?»

«እኔ ጠራሁ፣ እሷ ዝም።»

ገባሁ። እስከ ደረቴ ገባሁ፣ ጭቃውን በእግሬ እየዳበስኩ፣ ምን እንደምፈልግ አስቡት። እግሬ ለስላሳ ነገር በነካ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። አባቴ ከዳር ሆኖ «ውጣ አንተ፣ ውጣ» ይላል፣ እኔ አልሰማውም። ታዲያ ከፊቴ ግንድ የመሰለ ነገር አየሁ። ግንድ ውኃው ወደሚወስደው ነው የሚሄደው፣ ይሄ ግን ውኃውን እየቀደደ ወደ እኔ መጣ። ልሮጥ አልኩ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። እምቢ አለኝ ነው የምላችሁ፣ እንደተተከለ እንጨት።

ያኔ ከአባቴ ጀርባ፣ ከሣሩ ውስጥ «ከዳር ነኝ! ከዳር ነኝ፣ አንተ ሰውዬ፣ ውጣ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እግሬ የተፈታው በዚያ ድምፅ ነው። አሪየት ጦር ዘርግታልኝ በእንጨቱ ጎትታ አወጣችኝ፣ ዞር ስል ሳፋው የለም። ውኃው ብቻ ይዞራል።

ነገሩ ምን ሆነ መሰላችሁ? አባቴ ለዓሣ መንጠቆ ሊጥል ወርዶ ከየሺ በላይ ቆሟል፣ በሣሩ አላያትም። በእኛ አገር ደግሞ ሙሽራ በባሏ አባት ፊት ድምፅ አታሰማም። እና ሳፋውን ለቃ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሣሩ ውስጥ ተቀመጠች። «ሰምቻለሁ፣ ግን እሳቸው ቆመዋል፣ አሁን ይሄዳሉ፣ አሁን ይሄዳሉ እያልኩ ነበር» አለች።

አሪየት ወገቧን ይዛ «የእናንተ አገር ሙሽራ ከአዞ ይልቅ አማት ትፈራለች?» አለች።

አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለና «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ፊት ጩኺ። ብትፈልጊ ስደቢኝ» አላት።

ታዲያ የአሪየት ወንድም ከተማ ጊታር ይመታ ነበር፣ ይህን ሰምቶ በካሴት አወጣው። የፍቅር ዘፈን አደረገው፣ እና መሃል ላይ ከበሮው ቀጥ ይላል፣ ሰዉ እጁን ሰቅሎ ይስቃል፣ ከዚያ ልጅቷ ትመልሳለች። ያቺ ዝምታ የዚያን ቀኗ ናት። እናንተ ስትስቁ እኔ ወንበሩን የምይዘው ለዚህ ነው። ማታ ከእርሻ ስገባ ስማችሁን አንድ በአንድ የምጠራውም ለዚህ ነው። ቁጣ መስሏችሁ ነበር።

«ታዲያ ዘፈኑ ይቀየር አባባ?» አለች ትርሲት።

አይቀየር። ብቻ ከበሮው ቀጥ ሲል ቶሎ መልሺ፣ የባልሽ አባት ፊትም ቢሆን።

እናታችሁስ የት ሄደች? ልብስ ላስጣ ብላ ከወጣች ቆየች። የሺ! ... የሺ፣ ከዳር ነሽ ወይ?

«ከዳር ነኝ፣ ከዳር ነኝ። እስካሁን ሲያወራ የነበረው አንተ ነህ እንዴ? እኔ እኮ እንግዳ መጣ ብዬ ነጠላ ልቀይር ነበር።»